ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሸጋገርን በኋላ የካሜራ መቅረጫው እየተዘጋ ሲያስቸግረን

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ከታች ሱቅ ከላይ ቢሮ የሆነ አንድ ሕንፃ አለ። ኮምፒውተር ነክ ነገር ሲበላሽ የሚደወለው ለእኔ ነው። ሕንፃው 16 የደህንነት ካሜራ አለው። ካሜራዎቹ በአንድ ጊዜ አልተገዙም። የመግቢያው አንድ ዓይነት ነው፣ የፎቆቹ ሌላ፣ የጓሮው ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጠው የመቅረጫ ሳጥን ቀርቶ፣ አስተዳደር ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ መቅረጫ ሶፍትዌር ተጫነ። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ካሜራ በኦንቪፍ ያነባል። ኦንቪፍ የተለያዩ አምራቾች ካሜራና ሶፍትዌር እንዲግባቡ የወጣ የጋራ ደንብ ነው።

ይህ አሠራር ለረጅም ጊዜ አላስቸገረንም። ኮምፒውተሩ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ሲሸጋገር ግን ነገሩ ተለወጠ። ሶፍትዌሩ ይከፈታል። ምስሎቹ ይመጣሉ። ትንሽ ይቆይና ብን ይላል። ስህተት ተፈጥሯል የሚል መስኮት እንኳ አያሳይም፤ የሚቀረው ባዶ ዴስክቶፕ ነው። ቀረጻውም እዚያው ላይ ይቆማል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ብዙ ቢሮ ይህንኑ ሽግግር እያደረገ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የእኛ ብልሽት አንድ አልነበረም፣ ሁለት ነበር። የሁለቱም መልክ ግን አንድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ይዘጋል። አንዱን አስተካክላችሁ ሌላው ሲቀጥል፣ «በቃ መፍትሔው አልሠራም» ብላችሁ ትክክለኛውን ሥራ መልሳችሁ ታፈርሳላችሁ። ሰውን የሚያደክመው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የመጀመሪያው ማዘዣ ይታወቃል። «ፎርማት ይደረግ!» የሕንፃው ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ የጠየቁት ሰው ሁሉ የነገራቸው ይህንኑ ነው። ለተራ የቢሮ ኮምፒውተር አንዳንዴ ያስኬዳል። ለካሜራ መቅረጫ ግን እምቢ በሉ፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። የሶፍትዌሩ ላይሰንስ ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ከፎርማት በኋላ ሻጩን ፍለጋ መዞር ሊመጣ ነው። የካሜራዎቹ ፓስወርድ ደግሞ የሚገኘው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው እንጂ በማንም ጭንቅላት ውስጥ አይደለም። ካሜራውን የገጠመው ልጅ ስልክ ቀይሯል፣ ወይ ውጭ ሄዷል። ፓስወርዱ የጠፋ ካሜራ መሰላል ተወጥቶ፣ ወርዶ፣ ሪሴት ተደርጎ ነው የሚመለሰው። ሶፍትዌሩ የትኛው ቀረጻ የት እንዳለ የሚመዘግብበት ዳታቤዝ ከጠፋም የቪዲዮ ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ እያሉ ሶፍትዌሩ አያውቃቸውም። አንዳንዱማ እንደ አዲስ ተጭኖ ያንኑ ፎልደር ሲሰጡት ነባሩን ሊደመስሰው ይችላል።

ስለዚህ እኛ የጀመርነው ከመገልበጥ ነው። የሶፍትዌሩን ኮንፊገሬሽን ኤክስፖርት አድርገን ፍላሽ ላይ አስቀመጥን። አንድ ተከራይ ዕቃ ጠፍቶብኝ ነበር ስላለ፣ የሚያስፈልገውን ቀረጻ ለብቻው አወጣን። መግቢያ በሩን የሚያዩት ካሜራዎች የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ስላላቸው ካርድ ገዝተን አስገባንባቸው። ኮምፒውተሩ በሚጠገንበት ጊዜ ካሜራዎቹ ለራሳቸው ይቀርጻሉ። ጥገናው እስኪያልቅ በሩ ላይ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው ጥያቄ መልስ አያጣም። ይህን ብቻ አድርጋችሁ ቀሪውን ነገ ብታዩትም ችግር የለም።

አንድ የጊዜ ገደብም አለ። ዊንዶውስ ሲሸጋገር የቀድሞውን ዊንዶውስ ሲ ዲስክ ላይ ባለ አንድ ፎልደር ያስቀምጠዋል። በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ገብቶ «ጎ ባክ» በሚለው መመለስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ፎልደሩን ራሱ ያጠፋዋል። ይህ ፎልደር ወደ ኋላ ደግሞ ይመጣብናል።

የመጀመሪያውን ጥሩ ፍንጭ ያገኘሁት ከማታው ጥበቃ ነው። ጋሼ የተረኛ ደብተር አላቸው። ማን ዘግይቶ ወጣ፣ የትኛው መኪና አደረ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። ስክሪኑ የጠፋበትንም ሰዓት መዝግበውት ነበር። አንዱ ቦታ ላይ «ከምሽቱ 3፡20 ሁሉንም ከፍቼ ሳይ ቲቪው ጠፋ» ይላል። ሌላው ቦታ ላይ «ሌሊት 8 ሰዓት አልፎ ጠፍቶ አገኘሁት፣ ማንም አልነካውም።» ገጾቹን ሳገላብጥ ነገሩ ሁለት ወገን ሆኖ ታየኝ። አንዱ ሰው ሲነካው የሚዘጋ ነው። ሌላው ማንም ሳይነካው፣ ሌሊት የሚዘጋ።

ደብተሩን ከኮምፒውተሩ መዝገብ ጋር ለማስተያየት የሰዓቱን ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። የጋሼ ምሽት 3፡20 ለዊንዶውስ 21፡20 ነው። የጋሼ ሌሊት 8 ለዊንዶውስ 2፡00 ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ለጋሼ ሌሊት 8 ሰዓት የትናንቱ ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ዊንዶውስ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይቀይራል። ቀረጻ ስትፈልጉም ይህን አስታውሱ። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለውን ሶፍትዌሩ ውስጥ የምታገኙት ረቡዕ 2፡00 ላይ ነው። «ቪዲዮው የለም» ተብሎ የተደመደመው የዚያ ተከራይ ጉዳይ አንዱ ክፍል በዚህ ምክንያት ነበር፤ ፋይሉ እዚያው ነበር።

ከዚያ ኢቨንት ቪወር ገባሁ። ስታርት ላይ ስሙን ስትጽፉ ይመጣል። «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «አፕሊኬሽን» የሚለውን ክፈቱ። ቀይ ምልክት ያለበትን፣ ቁጥሩ 1000 የሆነውን ፈልጉ። ፕሮግራም ሲወድቅ የሚጻፈው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ደርቆ መልስ መስጠት ካቆመ ቁጥሩ 1002 ይሆናል። ምንም ካላገኛችሁ «ሲስተም» የሚለውን እዩ። ከርነል ፓወር 41 ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅጡ ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ነው፤ መብራት ሄዶ ሊሆን ይችላል። 42 ካለ ደግሞ እንቅልፍ ገብቷል። ተኝቶ ያደረ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር ሲፈታና ሲያስር የሚውል ሰው አይቻለሁ። ከሽግግሩ በኋላ የፓወር ሴቲንጉን አንዴ ማየትና እንቅልፉን «ኔቨር» ማድረግ ብዙ ድካም ያተርፋል።

ቁጥር 1000 ውስጥ የሚፈለገው መስመር «ፎልቲንግ ሞጁል ኔም» የሚለው ነው። የትኛው ክፍል ላይ ሳለ እንደወደቀ ይናገራል። እዚያ ላይ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል፣ ለምሳሌ ኤንቲዲኤልኤል፣ ከተጻፈ ብዙ አይነግራችሁም፤ የወደቀበት ቦታ ነው እንጂ የጣለው ላይሆን ይችላል። የእኛ ግን ይናገር ነበር። የምሽቶቹ ሁሉ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ፋይል ይጠራሉ። የሌሊቶቹ የሶፍትዌሩን የራሱን የዳታቤዝ ፋይል ይጠራሉ። የጋሼ ደብተርና ኢቨንት ቪወር ተስማሙ።

ከምሽቱ እንጀምር።

ካሜራ ቪዲዮውን የሚልከው ጨምቆ ነው። ኤች 264 ወይም ኤች 265 የሚባሉት የመጨመቂያ ዘዴዎቹ ናቸው። ሶፍትዌሩ መቅረጽ ብቻ ከሆነ ሥራው፣ የመጣለትን እንዳለ ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ መፍታት አያስፈልገውም። መፍታት የሚመጣው ሰው ስክሪን ላይ ሊያየው ሲል ነው፣ ወይም ሶፍትዌሩ ራሱ እንቅስቃሴ ሊለይ ሲል። ከባዱ ሥራ ይሄ መፍታት ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች ደግሞ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል) እንዳይጨናነቅ ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፉታል። ሽግግሩ የግራፊክስ ድራይቨሩን ቀይሮታል። ጋሼ 16ቱንም በአንድ ስክሪን ሲከፍቱ 16 ቪዲዮ በአንዴ ለአዲሱ ድራይቨር ይሄዳል፣ ድራይቨሩ ይወድቃል፣ ሶፍትዌሩን ይዞት ይወድቃል። መቅረጹ ምንም ያልጎደለው ነበር፤ ከማሳየቱ ጋር አንድ ፕሮግራም ውስጥ ስለታሰረ ብቻ አብሮ ሞተ።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ አጭር ፈተና አለ። ቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ «ኦፕን ኔትወርክ ስትሪም» ብላችሁ የአንዱን ካሜራ የአርቲኤስፒ አድራሻ ስጡት። አርቲኤስፒ ካሜራው ቪዲዮውን በኔትወርክ የሚልክበት መንገድ ነው፤ በተለምዶ ፖርት 554 ላይ ነው። ምስሉ በደንብ ከመጣ ካሜራው፣ ገመዱና ካሜራዎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ስዊች ደህና ናቸው። እኛም ጋ ደህና ነበሩ።

ከዚያ ሶፍትዌሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ መፍታቱን ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠውን፣ «ሃርድዌር ዲኮዲንግ» የሚለውን፣ አጠፋሁት። የምሽቱ መዘጋት ወዲያው ቀረ። ግን በነፃ አይደለም። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩው ጣሪያ ነካ፣ ምስሉም ይንተባተብ ጀመር። ሁሉም ሥራ ሲፒዩው ላይ ስለወደቀ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው አዲስ ኮምፒውተር ወደመግዛት ይሄዳል። አትቸኩሉ፤ ሒሳቡን እዩት። የእኛ ካሜራዎች 1920 በ1080 ይልካሉ። ስክሪኑም 1920 በ1080 ነው። ለ16 ሲከፈል አንዷ ሳጥን 480 በ270 ትሆናለች። ለዚያች ትንሽ ሳጥን ሙሉውን ምስል መፍታት ከንቱ ድካም ነው። አብዛኞቹ የኔትወርክ ካሜራዎች ሁለት ዓይነት ምስል በአንድ ጊዜ ይልካሉ፤ ሜይን ስትሪምና ሰብ ስትሪም። ሰብ ስትሪሙን 640 በ360 አደረግሁት። ይህ ከሙሉው ምስል አንድ ዘጠነኛ ያህል ፒክስል ነው። ለስክሪኑ ሰብ፣ ለቀረጻው ሜይን፣ አንዱን ካሜራ አስፍቶ ለማየት ሲነኩት ብቻ ሜይን። ሲፒዩው ተነፈሰ። የቀረጻው ጥራት ደግሞ ነቅነቅ አላለም።

ድራይቨሩንም አልተውኩትም። በዊንዶውስ አፕዴት የመጣውን አውጥቼ፣ ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀውን የዊንዶውስ 11 ድራይቨር ጫንኩ። ሃርድዌር ዲኮዲንጉን ግን መልሼ አልከፈትኩትም። ሰብ ስትሪሙ ከበቃ፣ ለመቅረጫ ኮምፒውተር አንድ የሚወድቅ ነገር ሲቀነስ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍጥነት ለጌም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሌሊቱ ቀጠለ። እትዬ «አላልኳችሁም? ፎርማት!» አሉ። ደብተሩ ባይኖር እኔም ወደዚያው ሳዘነብል ነበር።

የሌሊቱን የገለጠው የሶፍትዌሩ የራሱ ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡ፣ ነው። ሲ ዲስክ ላይ ቦታ አልቋል ይላል። የዚህ ኮምፒውተር ሲ 120 ጊጋባይት የሆነች ትንሽ ኤስኤስዲ ናት። ቀረጻው የሚሄደው ለብቻው ወደተገጠመ 4 ቴራባይት ዲስክ ነው። ስለዚህ ማንም ስለቦታ ሲያስብ የሚያየው ትልቁን ዲስክ ነው። የሶፍትዌሩ ዳታቤዝ ግን ሲ ላይ ነበር። ያ ቀደም ያልኳችሁ የድሮው ዊንዶውስ ፎልደርም ሲ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ፎልደር ከ20 ጊጋባይት በላይ መያዙ የተለመደ ነው። ሌሊት ሶፍትዌሩ የቆየ ቀረጻ ሲያጸዳ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል። የዊንዶውስ አውቶማቲክ ሜንተናንስም ካልተቀየረ በቀር 2፡00 ላይ ነው የሚነሳው፤ የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ያቺ የቀረችው ቦታ ታልቃለች፣ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል፣ ሶፍትዌሩ ይዘጋል። ጠዋት ስታዩት ደግሞ ጊዜያዊው ፋይል ስለጠፋ ዲስኩ ላይ ትንሽ ቦታ አለ! ቀን ቀን ብቻ ለሚፈትሽ ሰው አይያዝም።

የድሮውን ፎልደር ወዲያው ማጥፋት ያጓጓል። ግን ካጠፋችሁት ወደ ዊንዶውስ 10 መመለሻው መንገድ ይዘጋል። እኔ በመጀመሪያ ሶፍትዌሩን አቁሜ ዳታቤዙን ወደ ትልቁ ዲስክ አዛወርኩ። ጥቂት ሌሊት ደህና ማደሩን አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው በዲስክ ክሊንአፕ፣ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» ውስጥ፣ የቀድሞውን ዊንዶውስ ያጠፋሁት። ዳታቤዙ በቅጡ ሳይዘጋ ብዙ ጊዜ ስለተቋረጠም በሶፍትዌሩ የጥገና መሣሪያ አስጠገንኩት። ጥገና ከመጀመራችሁ በፊት የዳታቤዙን ኮፒ ያዙ። ጥገና አንዳንዴ ያልገባውን ነገር ይጥላል።

በነገራችን ላይ ስለ ቦታ ስናወራ የእትዬ ሌላ እምነት ፈረሰ። የወር ቀረጻ አለን ብለው ነበር የሚያስቡት። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ከላከ በቀን ወደ 43 ጊጋባይት ይሆናል። 16 ካሜራ ወደ 690 ጊጋባይት ነው። 4 ቴራባይት ስድስት ቀን አይሞላም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አሳየኋቸው። ሰው የማይበዛባቸውን ኮሪደሮች እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጹ አድርገን አረዘምነው፤ ወር ግን አሁንም አይሆንም። ሁለተኛ ዲስክ ይገዛል አይገዛም የሚለው እሳቸው ጋ ነው።

የእኛ ጋ ጥፋተኛ ያልነበሩ፣ እናንተ ጋ ግን ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ሶፍትዌሩ ሳይዘጋ ካሜራ አላገኝም ካለ፣ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ፋየርዎሉ ዘግቶት እንደሆነ እዩ። ካሜራው እየታየ ቀረጻ ካልተጻፈ፣ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» በርቶ እንደሆነ አጣሩ። በተለይ ቀረጻው ቪዲዮስ ወይም ዶክመንትስ ውስጥ ከሆነ ያግደዋል። ከድሮ አናሎግ ካሜራ የሚቀበል የውስጥ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» የሚባለው የዊንዶውስ መከላከያ የካርዱን አሮጌ ድራይቨር አላስገባም ብሎት ሊሆን ይችላል። እሱን አጥፉ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ ካርዱን ብቀይር እመርጣለሁ። አንቲቫይረስንም እንዲሁ። ጭራሽ አታጥፉት፤ የቀረጻውን ፎልደር ብቻ ከፍተሻው አውጡት።

መብራት የሚያመጣው ነገር ለብቻው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ የሚስተካከል ምርጫ አለ፤ የእኛ ቀድሞም በርቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ የመግቢያው ገጽ ላይ ይደርሳል፣ ፓስወርድ ጠብቆ ይቆማል። ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚጀምረው ሰው ሲገባ ነው። አርብ ማታ መብራት ከሄደ እስከ ሰኞ ጠዋት ቀረጻ የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ሌሊት ሪስታርት ሲያደርግም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሶፍትዌሩን እንደ ሰርቪስ ማስነሳት ነው። ብዙዎቹ ይህ ምርጫ አላቸው። ሰርቪስ ሲሆን ማንም ሳይገባ ይቀርጻል፣ ማሳያው መስኮት ቢወድቅም መቅረጹ ይቀጥላል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ስትገዙ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ካሜራዎቹን የሚመግበውን ስዊችም አስቡ። ስዊቹ ከጠፋ ኮምፒውተሩ በርቶ የሚቀርጸው ነገር የለውም።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ መዘጋቱ ከቀጠለ ለሶፍትዌሩ ሻጭ መጻፍ ነው። «ይዘጋል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ የዊንዶውሱን ቨርዥን፣ የቁጥር 1000ን ሙሉ ጽሑፍና የሶፍትዌሩን ሎግ አያይዙ። ክራሽ ዳምፕ ከጠየቋችሁ ላኩ፤ ነገር ግን ፋይሉ ሶፍትዌሩ ሲወድቅ በሜሞሪ የያዘውን ነገር ስለሚይዝ የካሜራ ፓስወርድ ሊኖርበት ይችላል። ጉዳዩ ሲያልቅ ፓስወርዶቹን ቀይሩ፣ አዲሶቹንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።